ባለቤቴ የምታውቃቸው መኝታዎች

ተመራማሪው ቤታችንን ያንኳኳ ዕለት የመጣው ለእኔ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነበር። በሩን ስከፍት ትልቅ ሻንጣ ያዘለ፣ ጫማው በአቧራ የነጣ ወጣት ቆሟል። ከዩኒቨርሲቲ መምጣቱን ነገረኝ። ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት እየሠራ ነው፤ ጥናቱም የዱር እንስሳት የት፣ መቼና እንዴት እንደሚያርፉና እንደሚተኙ ነው። ልቤ ዘለለ። ወገዳ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ እንስሳት ሊጠይቅ ብሎ ደጄን ያንኳኳ ሰው የለም። «ግባ፣ ግባ» አልኩት። ወንበር ሰጠሁት። ኮቴን ደረብኩ። የኮሌጅ መጻሕፍቴን ከመደርደሪያው አወረድኩና አቧራቸውን በእጅጌዬ ጠርጌ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

ውሃ ጠጥቶ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ይቅርታ ጋሼ፤ የክልክሉ ጥበቃ እዚህ ቤት ነው የሚኖሩት ብለውኝ ነበር። ተሳስቼ ይሆን?» አለኝ።

«አልተሳሳትክም» አልኩት። «ባለቤቴ ናት።»

ክልክሉ የምንለው ከወገዳ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ የገደል አፋፍ ነው። ድሮ ከብት ግጦት፣ ሰው ቆርጦት ድንጋዩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቀበሌው ከሰውና ከከብት ከለለውና ጥበቃ ቀጠረበት። የመጀመሪያው ጥበቃ የባለቤቴ አባት ነበሩ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ዱላቸውንና ፊሽካቸውን ለልጃቸው ሰጡ፤ ቀበሌውም ሴት ናት ብሎ ጥቂት ካንገራገረ በኋላ ተቀበለ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቷ። መጀመሪያ ሣሩ ተመለሰ፣ ከዚያ ቁጥቋጦው፣ ቁጥቋጦውን ተከትሎ አውሬው። እኔ ይህን የማውቀው ራት ላይ ከምትነግረኝ ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹን እንኳ አልሰማትም ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ስለ እንስሳ ለባዮሎጂ መምህር ምን ልትነግረው?

ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር። ስጠራት እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ገባች። ልጁ ብድግ ብሎ ቆመላት።

«እትዬ፣ ሰስ የት እንደሚያርፍ ያውቃሉ?» አላት ገና ሰላምታው ሳያልቅ፤ ሰስ ገደል ላይ የምትኖር ትንሽ ሚዳቋ መሰል እንስሳ ናት።

«የትኛው?» አለችው።

«እንዴት የትኛው?»

«ሦስት ጥንድ አሉ እኮ። የየራሳቸው ድንጋይ አላቸው።»

ልጁ በደስታ ሳቀ። የደረደርኳቸውን መጻሕፍት በክንዱ ገፋ አደረገና በቦታቸው ማስታወሻ ደብተሩን ዘረጋ። አንደኛው መጽሐፍ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት፤ ሁለቱም አላዩኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረው ወደ ክልክሉ ሊሄዱ ሲነሱ «እኔም እመጣለሁ» አልኩ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ለስንቁ ሌላ ቂጣ ጨመረች።

መንገዱን ሙሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ስለሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ አወራሁ፤ ስለ እንቅልፍና ስለ አንጎል አወራሁ። ልጁ በትሕትና «እሺ ጋሼ፣ ልክ ነው ጋሼ» ይለኛል። ገደሉ አፍ ላይ ስንደርስ፣ «እንግዲህ ሰስ በቀትር የሚተኛው ዋሻ ውስጥ ነው፤ ፀሐዩንም ንሥሩንም ለመሸሽ» አልኩ። ይህን የትም አላነበብኩትም። መሆን አለበት ብዬ ነው።

ባለቤቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እኔ ክፍል ውስጥ ለሚያወራ ተማሪ የማደርገውን ምልክት ለእኔ አደረገችው።

«እዚያ ጋ» አለች በሹክሹክታ፤ «ከቢጫው ድንጋይ በላይ።»

እኔ ያየሁት ድንጋይ ብቻ ነው። ልጁ በማቅረቢያ መነጽሩ አነጣጥሮ ብዙ ቆየ። «ሁለት ናቸው» አለ። «አንዷ ተኝታለች፤ ሌላው ቆሟል።»

«ትንሽ ቆይ፤ ይቀያየራሉ።»

ተቀምጠን ጠበቅን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ መነጽሩን ሲሰጠኝ፣ የተኛችው ሰስ ተነስታ ሰውነቷን ስታራግፍ አየሁ። በሰኮናዋ ጫፍ ድንጋዩ ላይ ቆመች። ቆሞ የነበረው ወንድ ጉልበቱን አጥፎ በቦታዋ ተጋደመ።

«ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው» አለች። «አንዱ ሳይቆም ሌላው አይተኛም።»

ልጁ፣ ዜማ የቀናለት የቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ የኔታውን በሚያይበት ዓይን አያት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኔን በዚያ ዓይን ያየኝ አንድ ተማሪ አላስታውስም። ወደ ቤት ስንመለስ ወደ ኋላ ቀርቼ ብቻዬን ሄድኩ። እነሱ ፊት ፊት እያወሩ ይሄዳሉ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ቃላቸው አይሰማኝም።

ልጁ ወገዳ ላይ ሰነበተ። ለባለቤቴ ደብተርና የእጅ ሰዓት ሰጣት፤ ያየችውን ሁሉ በሰዓቱ ትጽፍለታለች። ሥራ ከገባ ሰው ይልቅ በዓል የሄደች ነበር የምትመስለው። አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ደብተሩን ገለጥኩት። እንዲህ ይላል፦

«ሽኮኮዎች ተደራርበው ነው የሚያድሩት። ጧት ፀሐይ ድንጋዩን ሲነካ መጀመሪያ ሽማግሌው ይወጣል፤ ሌሎቹ እሱ ሲሞቅ አይተው ይወጣሉ። ጭላዳዎች ሲመሽ ገደሉን ወርደው ጠባብ ጠርዝ ላይ ተቃቅፈው ይቀመጣሉ። ልጅ የያዘች ወደ ግድግዳው በኩል ትሆናለች፤ የሌላት ከገደሉ ወገን ትሆናለች። ጥንቸል ዓይኗን ሳትከድን ታርፋለች። መተኛቷ የሚታወቀው ጆሮዋ ሲላላ ነው።»

ጥሩ ጽሑፍ ነው። በዚያን ጊዜ ይህን ለራሴ እንኳ አላመንኩም። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ፊደል የሳተችበትን አከበብኩ። ነጥብ የረሳችበት ላይ ነጥብ ጨመርኩ። ጥንቸሏ አጠገብ «ማስረጃ?» ብዬ ጻፍኩ። ከገጹ ግርጌ ከአሥር ልሰጣት እጄ ሲዘረጋ ደንግጬ ደብተሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ቀዩን ቀለም ስታይ አየኋት። ከዚያን ቀን ወዲህ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ከጎታው ጀርባ ማስቀመጥ ጀመረች።

ይህ ሳያንስ አንድ ባልደረባዬ ሻይ ቤት ውስጥ «ባለቤትህ ከጎረምሳው ጋር ገደል ለገደል ትውላለች አሉ» ብሎ ሳቀ። ለቀልድ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እንደ መርማሪ ሆንኩ። ዛሬ የት ዋላችሁ? ስንት ሰዓት ተመለሳችሁ? ምን ያስቃችኋል? እሷ የጠየቅኳትን ሁሉ ትመልሳለች።

«ዛሬማ ያሳቀን አንድ ጭላዳ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ይነቃል፣ ይጥለዋል። በመጨረሻ ተንሸራቶ ወደቀ። ወዲያው ሣር መንጨት ጀመረ፤ ሆን ብዬ ነው የወረድኩት ለማለት።»

እያወራችኝ ሳቋ መጣባት። እኔ አልሳቅኩም። ይህን ነገር ሲሆን አብሯት ያየው ሌላ ሰው ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ወሬው ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ምሽት ላይ፣ ከወትሮዋ የተለየ ፊት ይዛ ገባች። ዱላዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም እንዳትናገር።»

«ንገሪኝ።»

«ጅቢት ወልዳለች። ከወይራው በታች ያለው ጉድጓድ ውስጥ። ሁለት ናቸው፤ እንደ ከሰል ጥቁር። ቀን ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ትጋደማለች፣ እነሱ አናታቸውን አንገቷ ላይ ጥለው ይተኛሉ። ጅብ በየቦዩ ሲተኛ አይቻለሁ፤ እንዲህ ሲተኛ ግን አይቼ አላውቅም። እንደ ሰው ታንኮራፋለች እኮ።»

እጄን ይዛ ነበር የምትናገረው። ቀይ እስክሪብቶውን ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ።

«ልጁ ያውቃል?» አልኳት።

«አዎ፤ ካሜራ የሰቀልንላት ሳምንት አልፎናል። ሰው ሳይኖር ራሱ የሚያነሳ ካሜራ ነው።»

ሳምንት። እጄን ከእጇ አወጣሁ። እኔ የሰማሁት እሱ ካወቀ ከሳምንት በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የንስሐ አባታችንን በቅሎ ጅብ በላት። አረጋዊ ቄስ ናቸው፤ ሁለት ደብር የሚያገለግሉት በዚያች በቅሎ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰብስቦ ተናደደ። እሳቸው ግን በእግራቸው ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ባለቤቴም አልነበረችም፤ አባቷን ልትጠይቅ ቆላ ወርዳለች።

«ጉድጓዱ ክልክሉ ውስጥ ነው» አለ አንዱ። «የት ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ቢገኝ ዛሬውኑ እንዘጋው ነበር።»

«የመምህሩ ባለቤት ታውቃለች። ለከተማው ልጅ አሳይታዋለች ይባላል» አለ ሌላው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለአንተስ አሳይታሃለች?»

ዓይኑ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ወይም ነበረ መሰለኝ።

«ለእኔ የማትነግረኝ ምን አለ!» አልኩ። «ተከተሉኝ።»

ዘጠኝ ሆነን ሄድን። ጅቢቱ እንደተባለው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድማ ነበር፤ የእግራችንን ድምፅ ሰምታ ቀና ስትል ሁለቱ ጥቁሮች ከአንገቷ ተንከባለው ወደ ውስጥ ገቡ። ድንጋይ ሲወረወርባት ሸሸች። ሰዎቹ ጭስ እናስገባ ብለው ነበር፤ ሣሩ ደርቋል፣ ክልክሉ ይቃጠላል ብለው ተዉት። በድንጋይ ጠቅጥቀው ዘጉት። እኔ ድንጋይ አላነሳሁም። ጣቴን ዘርግቼ «ያውና» ማለት ብቻ ነው የሠራሁት፤ ለብዙ ቀናትም ይህን ልዩነት ለራሴ ስነግር ነበር። ካሜራውማ፣ አልዋሽም፣ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

ሰኞ ባለቤቴ ከአባቷ ዘንድ በቀጥታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ማታ ስትገባ «ውሃ አስታጥበኝ» አለችኝ። ጣቶቿ ተልጠዋል፤ ሁለት ጥፍሮቿ ደም ቋጥረዋል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ድንጋይ ሳነሳ ነው። ሰዎች ጅቢቱን ዘግተውባት አገኘሁ። ማን እንዳሳያቸው እንጃ።»

ውሃውን አፈሰስኩላት። ሲያቃጥላት ትንፋሿን ትስባለች።

«ሰው መቼም ፈልጎ አያጣውም» አልኳት።

«እሱስ» አለች።

አልጠረጠረችኝም። ይኼኛው ነው የከፋብኝ። እኔ ለወራት በሌለ ነገር ስጠረጥራት የኖርኩ ሰው፣ የሠራሁትን ሠርቼ ፊቷ ስቆም ዓይኗ እንኳ አልተጠራጠረም።

አሥር ቀን ያህል አለፈ። ልጁ የካሜራውን ሜሞሪ አውጥቶ ላፕቶፑን ይዞ ቤታችን መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሦስታችን ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ተነስቼ ብሄድ እወድ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምሄድ ግን አጣሁ።

ፎቶዎቹ ተራ በተራ መጡ። ጅቢቱ ተጋድማ። ልጆቿ አንገቷ ላይ። ጅቢቱ በጎኗ፣ አፏ ተከፍቶ። ባለቤቴ «አየህ፣ ይቺ ናት ያልኩህ» ትለኛለች። ከዚያ የሰው እግር መጣ። ከዚያ እኔ መጣሁ። ኮቴን ለብሼ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ አፌ ለንግግር ተከፍቶ። ጥርት ያለ ፎቶ ነው።

ልጁ ፈጥኖ ወደሚቀጥለው ሊያሳልፈው ሲል ባለቤቴ እጁን ያዘችው። ፎቶውን አየችው። ቆይታ «ቀጥል» አለች።

ቀጥሎ ያየነውን ሳላስበው የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ሰዎቹ ሄደዋል፤ ምሽት ላይ ጅቢቱ ተመልሳለች። ድንጋዩን ታሸታለች። ትቧጥጣለች። ከዚያ ፎቶው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ፦ ጅቢቱ የተዘጋው ድንጋይ ላይ ደረቷን ለጥፋ ተኝታለች። ሌሊቱን እዚያው፤ ጎሕ ሲቀድ እዚያው። ዓይኗ በአንዱ ፎቶ ተከድኗል፣ በሌላው ተገልጧል። ጧት ላይ ባለቤቴ ገባች፤ ጎንበስ ብላ ድንጋይ ስታነሳ። ልጁ ሥዕሉን አጎላው። ከበስተጀርባዋ፣ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ጅቢቱ በኋላ እግሯ ቁጢጥ ብላ ታያታለች።

«እዚያ ነበረች?» አለች ባለቤቴ። «እኔ አላየኋትም።»

የመጨረሻው ፎቶ የዚያን ዕለት ማታ የተነሳ ነው። ጅቢቱ ልጇን በአፏ ይዛ ስትሄድ ያሳያል። አንዱን። ተመራማሪው ልጅ ፎቶውን ሁሉ ደግሞ ፈለገ፤ ሁለተኛውን ስትወስድ የሚያሳይ የለም።

«እትዬ፣ ከፈለጉ ያንን ፎቶ ላጥፋው» አለ ልጁ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

«አታጥፋው» አለች። «የሆነ ነገር ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ለአንተ የነገርኩህ ደስ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። ልጁን እስከ ደጅ ሸኝታ ራት ልትሠራ ገባች።

አኮረፈችኝ አልልም። ምግብ ታቀርባለች፣ ለጠየቅኳት ትመልሳለች። ከክልክሉ ስትመለስ ግን የምታመጣው ወሬ የለም። እኔ ስንቱን ዓመት በግማሽ ጆሮ የሰማሁትን ወሬ ጠማኝ። «ዛሬ ምን አየሽ?» እላታለሁ። «ያው ነው» ትለኛለች።

በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ከመጻሕፍቱ መገፋት ጀምሬ እስከ ድንጋዩ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ በቅሎዬ ተበልታብኝ አዝኜ ነበር» አሉኝ። «ያንተ ምንህ ተበልቶ ነው?»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀጠሉ።

«ይኸው፣ ሰዎቹ ጉድጓዱን የከፈተች እሷ ናት ብለው ከጥበቃ ትነሣ እያሉ ነው። ሰምተሃል?»

አልሰማሁም ነበር። እሷም አልነገረችኝም።

«እንግዲህ ቀኖናህ ይህ ነው፤ እሑድ እዚያው መርተሃቸው የተነሳህበት ቦታ ቆመህ የነገርከኝን ንገራቸው። እኔም እመጣለሁ።»

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ገና ስሟን ሲያነሳ ወደ መሐል ገባሁ። ባለቤቴ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። ጉድጓዱን ያሳየኋችሁ ስለ በቅሎዋ ተቆርቁሬ አይደለም አልኳቸው። ባለቤቴ ከእኔ የበለጠ ስለምታውቅ ቀንቼ ነው፤ ያወቀችውን መጀመሪያ ለሌላ ሰው ስለነገረችም ቀንቼ ነው። በአደራ የነገረችኝን ነው የሸጥኩት። እሷ ያደረገችው ክልክሉን መጠበቅ ነው፤ የተቀጠረችውም ለዚያ ነው። ከኋላ የሳቀ አለ። ያ ሻይ ቤት የቀለደው ባልደረባዬም ነበር፤ እሱ አንገቱን አቀረቀረ።

ቄሱ በዱላቸው ተደግፈው ወደፊት መጡ። «በቅሎዋን ውጭ አስሬ ያደርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ቤት ባስገባት አትበላም ነበር። አውሬ በዱሩ ይደር፣ ከብት በጋጣው ይደር፤ በዚህ ጨርሱት።» ሰዉ አጉረመረመና ተበተነ። የጥበቃው ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎን ለጎን ሄድን። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«እውነት በጅብ ቀንተህ ነው?»

«በጅቡም ነው» አልኳት። «ስለሷ ስታወሪ ፊትሽ ይበራል።»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንት ነገር አየሁ» አለች። «አንድ ቀን ‹እስቲ አሳዪኝ› ብለኸኝ ብትመጣ ኖሮ መጀመሪያ የምታየው አንተ ነበርክ። ልጁ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ሌላ ምን አለ?»

ሌላ ምንም አልነበረም። ይህን ስሰማ እንኳ፣ መጀመሪያ የጠየቃት እሱ በመሆኑ ውስጤ ቆነጠጠኝ። ቅናት ስለታወቀበት ብቻ ተነስቶ የሚሄድ ነገር አይደለም።

ልጁ ጥናቱን ጨርሶ ሄደ። ሲሰናበት ለእኔም እጁን ሰጠኝ፣ «ጋሼ» አለኝ፤ ከእኔ የተሻለ ሰው ሆኖ ነው የሄደው። ክረምት ሲገባ ለባለቤቴ ስልክ መጣላት። ጉና ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ የሚከታተሉ ሰዎች የእሷን ደብተር አይተዋል፤ ሁለት ወር መጥታ አብራቸው እንድትሠራ ይፈልጋሉ። ደብተሩን ሳያይ የቀረ ሰው እንደሌለ ገባኝ፤ ከነቀይ ቀለሙ ማለት ነው።

«ክልክሉን ማን ይጠብቃል?» አለች።

«ትምህርት ቤት ዝግ ነው» አልኩ። «እኔ እጠብቃለሁ።»

ዱላዋንና ፊሽካዋን ሰጠችኝ። ከአርብ ገበያ የገዛነውን ወፍራም ካፖርት አስይዤ በጠዋቱ አውቶቡስ ሸኘኋት። ከዚያ እኔ በየቀኑ ጭቃውን እየረገጥኩ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከድንጋይና ከጉም በቀር ያየሁት የለም። ዝናብ ሲያባራ አንድ ቀን አንዲት ድኩላ ቁጥቋጦ ሥር ተኝታ አፏ ሲያመሰኳ አየሁ፤ ማንም ሳያሳየኝ። ለማን እንደምነግር ወዲያው አወቅኩ፤ ጉና ላይ ግን ስልክ የሚሠራው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው።

እሑድ ራሷ ደወለች። ነፋሱ ድምጿን ይወስደዋል።

«ቀይ ቀበሮዋን አየኋት» አለች። «ጉድጓድ የላት፣ ዋሻ የላት፤ ሜዳው ላይ ተጠቅልላ ጅራቷን አፍንጫዋ ላይ ጥላ ትተኛለች። ጧት በረዶው ጀርባዋ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። ተነሳችና አራገፈችው፤ በቃ።»

«ከማን ጋር ሆነሽ ነው ያየሻት?» አልኩ። አፌን መያዝ አልቻልኩም።

ሳቋ ከነፋሱ በላይ ተሰማኝ። «ከሁለት ሴቶችና ዕቃ ከጫነ አህያ ጋር።»

ስለ ድኩላዋ ነገርኳት። የት ጋ፣ በስንት ሰዓት፣ ጭንቅላቷ ወደየት ዞሮ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ሰዓቱን አላየሁም ነበር። «በሚቀጥለው ሰዓቱን እይ» አለችኝ።

«መጥቼ ቀበሮዋን ልይ?» አልኳት።

«ክልክሉን ለማን ጥለህ?» አለችኝ።